በሐጂ ሱቅ የተቃጠለው ኮምፒውተር

ይህ የሆነው ካቻምና ነው፤ ረመዳን ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ዓርብ ቀን። ቦታው አሶሳ፣ ገበያው አጠገብ ያለች አንዲት የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ነች። የሞተ ሰው የለም፣ የፈረሰ ቤትም የለም፤ የተቃጠለው አንድ ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተር ደግሞ በየቦታው ይቃጠላል። እኔን ግን ከዚያ ዓርብ ወዲህ ሰው "መምህር" ብሎ በአክብሮት ሲጠራኝ ያመኛል። ለምን እንደሚያመኝ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

የተወለድኩት ፍኖተ ሰላም አካባቢ ነው። አሶሳ ተመድቤ ከመጣሁ አሥራ አንድ ዓመት አልፎኛል። የማስተምረው ኮምፒውተር ስለሆነ በሰፈሩ የማንም ሰው ኮምፒውተር ሲታመም "መምህር ይየው" ይባላል። ፎቶ ቤቱም ይጠራኛል፣ ቀበሌውም ይጠራኛል። እኔም ሄጄ አንድ ነገር እላለሁ። ብዙ ጊዜ አጥፍቶ ማብራት ይበቃል፤ ካልበቃ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ መጫን ነው። "አላውቅም" ብዬ የመለስኩት ሰው ትዝ አይለኝም። በዚህ ስም አወጣሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። የኮምፒውተር ጥገና የሚባል ትምህርት ለዓመታት ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ የኮምፒውተር ሆድ ከፍቼ ያየሁት ግን በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው። በማስተምርበት ቦታ ያሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ የንብረት ቁጥር ተለጥፎባቸዋል። ወረቀቱ የተለጠፈው ደግሞ ክዳኑና አካሉ የሚገናኙበት ላይ ነው። ወረቀቱ ከተቀደደ ኮሚቴ ይቀመጣል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ መምህሩ ይጠየቃል። ስለዚህ ማንም አይከፍታቸውም።

ታዲያ በምን ታስተምራለህ ካላችሁኝ፣ በጠመኔ። ሰሌዳው ላይ እሥላለሁ። ይሄ ማዘርቦርድ ነው፤ ሁሉም የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ፣ ይሄ ፓወር ሰፕላይ ነው፤ ኃይል ያድላል፣ ይሄ ደግሞ ቴስተር ነው፤ ኤሌክትሪክ ይለካል። ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ ፈተና ላይ መልሰው ይሥሉልኛል፣ እኔም አርማለሁ። ቴስተር በእጄ ይዤ አንድ ሽቦ እንኳ ለክቼ አላውቅም ነበር። ይህን ከባለቤቴ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ሐዋ ከጎበዝ ተማሪዎቼ አንዷ ነበረች። የአሶሳ ልጅ ነች፣ ከበርታ ብሔረሰብ። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የሕንፃ ዲዛይን ተምራ ስትመለስ ከማንም በላይ ደስ ያለው እኔን ነው። አገሩን ሁሉ "የኔ ተማሪ" እያልኩ አስቸገርኩት።

የተመለሰችው ግን ሥራ አግኝታ አልነበረም። እናቷ ወይዘሮ አሻ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ሕመሙ ዓይናቸውን እያደከመው ስለመጣ ጧትና ማታ መርፌውን የሚወጋቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል። ሐዋ ትምህርት ላይ በነበረችባቸው ዓመታት ሁሉ ይህን ያደርጉ የነበሩት የእናቷ ወንድም ናቸው። ከተመረቀች በኋላ ግን "አሁን የኔ ተራ ነው" ብላ መጣች። ከእናቷ ርቃ አዲስ አበባ ገብታ መሥራት አልፈለገችም።

ከዚያ ዕድል ቀናት። አንድ የዲዛይን ድርጅት እዚያው አሶሳ ሆነሽ በኢንተርኔት ልትሠሪልን ትችያለሽ አላት። ነገር ግን መጀመሪያ ችሎታሽን አሳዪን፤ የአንድ ጤና ጣቢያ ንድፍ ሠርተሽ፣ ሕንፃው ቆሞ እንዳለ አድርጎ ከሚያሳየው ሥዕል ጋር እስከ ሰኞ ላኪልን አሏት። እናቷ አጠገብ ሆና በተማረችው ሙያ መኖር፤ ከዚህ የበለጠ ምን ትፈልግ።

ኮምፒውተር ነበራት። ሸርቆሌ የስደተኞች መጠለያ ያሉ የዕርዳታ ድርጅቶች ያገለገለ ዕቃ በጨረታ ሲሸጡ የተገዛ ዴስክቶፕ ነው፤ ከፋብሪካ ተገጣጥሞ የመጣ፣ ጠንካራ። ተራውን ንድፍ እንደ ልብ ይሠራል። ወደዚያኛው ሥዕል ሲደርስ ግን ደርቆ ይቀራል። ደወለችልኝ። እኔም ስልኩን ይዤ፣ ተቀምጬ፣ ማሽኑን ሳላይ፣ "ግራፊክስ ካርድ ነው የጎደለሽ፤ ይሄን ዓይነቱን አስመጪ" አልኳት። ድምፄ ላይ ጥርጣሬ የሚባል አልነበረበትም።

ካርዱ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተልኮ ሐሙስ ደረሰ። እቤታቸው ሄጄ ኮምፒውተሩን ከፈትኩት። ካርዱ ቦታው ላይ ቁጭ አለ። ነገር ግን ጫፉ ላይ ስድስት ቀዳዳ ያላት ሶኬት አለች፤ ለብቻዋ ኤሌክትሪክ ትፈልጋለች። ከኮምፒውተሩ ፓወር ሰፕላይ የሚወጡትን ሽቦዎች አንድ በአንድ አየሁ። ሁሉም ሥራ ላይ ናቸው፤ ለካርዱ የሚተርፍ የለም።

አንዳንድ ፋብሪካዎች እንዲህ ናቸው። ፓወሩንም ሶኬቱንም በራሳቸው ልክ ነው የሚሠሩት፤ ከሌላ ዕቃ ጋር አይጋባም። ገበያ ላይ የሚገኘውን ተራ ፓወር ገዝቶ ልተካ ቢሉ ዋናው ሶኬት ማዘርቦርዱ ውስጥ አይገባም። የሚያገናኝ ገመድ አለ፤ እሱም አዲስ አበባ ነው፤ እስከ ሰኞ አይደርስም። ይህን ሁሉ ካርዱን ከማዘዛችን በፊት ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ሐዋ ግን አልወቀሰችኝም።

"ኻሉ ጋ ይኖራል። ከዚያው ጨረታ የተበላሹትን የገዛው እሱ ነው" አለች። ኻል ማለት በነሱ ዘንድ የእናት ወንድም ማለት ነው።

የሐዋን አጎት ሰው ሁሉ ሐጂ ኢድሪስ ይላቸዋል። በወጣትነታቸው ድንበር ተሻግረው ደማዚን ሱዳናዊ ጠጋኝ ዘንድ ነው ሙያውን የተማሩት። ሱቃቸው ከጣሪያ እስከ ወለል ሬዲዮ፣ የሶላር መብራትና የተፈታታ ዕቃ ነው። ያላስነሱት ዕቃ የለም ይባልላቸዋል።

አማርኛቸው ግን ስብርብር ነው። ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ ያደርጋሉ። እውነቱን ልናገር፤ እኔና ከሌላ ክልል ተመድበን የመጣን ባልደረቦቼ ሻይ ላይ ተቀምጠን በእንዲህ ያለ አማርኛ እንሥቃለን። መሣቁ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። አማርኛ ያልቀናው ሰው ዕውቀቱም ያልቀናው ይመስለናል። ሐጂ ኢድሪስን በልቤ "እኚህ ሰውዬ በልምድ እየደባበሱ የሚኖሩ ናቸው" ብዬ ነው የያዝኳቸው።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ኮምፒውተሩን ተሸክመን ሄድን። መብራት ከጠፋ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር። ያን ሁሉ ኃይል የሚያመነጨው ግድብ የተሠራው እኛው ክልል ውስጥ ነው፤ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይሉት የኛ ነገር ነው። ሱቁ ስንደርስ ተመልሶ መጥቷል። መቼ እንደሚሄድ ግን ማንም አያውቅም።

ሐጂ ከጥግ አንድ ከባድ ፓወር ሰፕላይ ጎትተው አወጡ። የሐዋን ኮምፒውተር ከሠራው ፋብሪካ የወጣ ነው፤ ዋናው ሶኬት ሲሞከር ልክክ አለ። ከሱ በተጨማሪ አንድ ትርፍ ሶኬት ተንጠልጥላለች፤ ቀዳዳዋን ቆጠርኩ፣ ስድስት። የምፈልገው እሱኑ ነበር። ሐዋ እናቷን ምሳ ለማብላት ወደ ቤት ስትሄድ "በይ እንኳን ደስ ያለሽ፣ ስትመለሺ ይሠራል" አልኳት። ፈገግ ብላ ሄደች።

ሐጂ ሶኬቷን ከእጄ ተቀብለው አገላበጧት።

"ኡስታዝ፣ ይሄ ሶኬት እኔ ነው ከቦርድ የነቀልኩ" አሉኝ። አስተማሪን ኡስታዝ ነው የሚሉት። "ከካርድ አይደለም። ቀዳዳ አንድ ነው፣ ሽቦ አንድ አይደለም ምናልባት። መለካት አለ።"

"ሐጂ፣ ቢጫው ቢጫ ነው፣ ጥቁሩ ጥቁር ነው። ይሄ የታወቀ ነገር ነው" አልኩ፤ ክፍል ውስጥ በምናገርበት ድምፅ።

ተከራክረው አላስቸገሩኝም። የጁምዓ ሶላት እየተጠራ ነበር። ቴስተራቸውን ከመሳቢያ አውጥተው፣ ሽቦዎቹ እንደተጠቀለሉ ፊት ለፊቴ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

"ቴስተር ይሄው። አንተ ለካ። ወይም አንድ ሰዓት ቆይ፣ እኔ ከመስጊድ ይመጣል፣ አብሮ እንለካለን። አሁን አትሰካ።"

ቆባቸውን አስተካክለው ወጡ። ሱቁን እንዳለ ለኔ ትተው ነው የሄዱት።

ከዚህ በኋላ ያለውን ደቂቃ ብዙ ጊዜ መላልሼ አስቤዋለሁ። ቴስተሩን አየሁት። ማዞሪያው ላይ ያሉትን ምልክቶች አውቃቸዋለሁ፤ ሥዬአቸዋለሁ። ግን የቱ ላይ አድርጌ፣ ቀዩን የት፣ ጥቁሩን የት እንደማስነካ እርግጠኛ አልነበርኩም። ጎረቤት ያለው ልብስ ሰፊ በሩ ላይ ተቀምጦ ያየኛል። መምህሩ ቴስተር ይዞ ሲንደፋደፍ እንዲያይ አልፈለግኩም። መጠበቅ ደግሞ ሌላ ውርደት ሆነብኝ፤ ሐጂ መጥተው ሊያስተምሩኝ ነው። በዚያ ላይ መብራቱ አሁን ቢሄድስ።

ሶኬቷን ካርዱ ላይ አስጠጋኋት። በቀላሉ አልገባችም። አንዱ ጥግ ያዝ አደረጋት። ገፋ አደረግኳት፣ ገባች። የገባ ሁሉ ትክክል መሰለኝ።

ማብሪያውን ተጫንኩት። ጧ የሚል ድምፅ ወጣ፤ ትልቅ አልነበረም። ከካርዱ ሥር ነጭ ጭስ ብን አለ፣ የሱቁ መብራት ጠፋ። ገመዱን ነቀልኩ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው። ልብስ ሰፊው ብቅ ብሎ "ምነው መምህር?" አለኝ። "ምንም አይደል" አልኩት።

በኋላ እንደተረዳሁት ነገሩ ቀላል ነው። የካርዱ ሶኬት ላይ ኃይሉ ባንድ ረድፍ፣ መሬት የሚባለው የኤሌክትሪኩ መመለሻ በሌላ ረድፍ ነው። ያቺ ሶኬት ደግሞ የተሠራችው ለፋብሪካው የገዛ ማዘርቦርድ ስለነበር ረድፎቹ ተገልብጠው ነው የተሰደሩት። ጥጉ ላይ ያዝ ያደረጋት "እዚህ አትግባ" ብሎ ሠሪው ያበጀላት ነው። ቴስተር በእጁ የያዘ ሰው በአንድ ደቂቃ ያውቀዋል። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ለኔ ነው።

ሐጂና ሐዋ በሩ ላይ ተገጣጥመው አንድ ላይ ገቡ። ሽታው ቀድሞ ተቀበላቸው። ሐጂ መጀመሪያ ያዩት ኮምፒውተሩን አልነበረም። ቴስተሩን ነው ያዩት፤ እንዳስቀመጡት፣ ሽቦው እንደተጠቀለለ፣ ሳይነካ ተቀምጧል። ከዚያ እኔን አዩኝ።

"ምን ሆነ?" አለች ሐዋ።

አፌን ከፈትኩ። "ሶኬቱ..." ብዬ ቆምኩ።

ሐጂ ቀደም አሉኝ። "የኔ ሶኬት ነው ያቃጠለ። እኔ ነው ሰካ ያልኩ። እኔ አጠፋ" አሉ።

ሐዋ ወደ እኔ ዞረች። "አይደለም፣ እኔ ነኝ" ማለት ሦስት ቃል ነው። አላልኩም። አንገቴን ደፋሁ፤ አንገት መድፋቴ ደግሞ አጎቷን ላለማሳጣት የተጨነቅኩ አስመሰለኝ። ያን ጊዜ ራሱ እንደዚያ እንደሚመስልልኝ አውቄ ነበር።

ሐጂ የሱቁን መብራት መለሱ፤ በአሮጌው ፓወር መልሰን ሞከርን። ማዘርቦርዱም ሞቷል፣ ካርዱም ሞቷል። ሐዋ አላለቀሰችም። አጎቷን በበርታ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው፤ እሳቸውም በአጭሩ መለሱላት። ምን እንደተባባሉ አላወቅኩም። አሥራ አንድ ዓመት ኖሬ ከሰላምታ ያለፈ በርታ አልተማርኩም። ከዚያ የኮምፒውተሩን ገመድ በእርጋታ ጠቅልላ ያዘች፤ እኔም ተሸክሜ እቤታቸው አደረስኩላት።

ቅዳሜና እሑድ ከተማውን አዳረስኩት። ፎቶ ቤቱ ያለው ኮምፒውተር ሥዕሉን አልችል አለ። የሚችል ኮምፒውተር ያለው መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው፤ እሱም የመንግሥት ንብረት ስለሆነ አይነካም ተባልኩ። ሰኞ ሐዋ ለድርጅቱ ደውላ የሆነውን ነገረቻቸው። ችግርሽ ይገባናል አሏት። በሳምንቱ ሌላ ሰው ቀጠሩ።

ሐጂን የጠየቅኳቸው ሐዋ በደወለች ማግስት፣ ማክሰኞ ነው። ለምን እንደዚያ አሉ አልኳቸው። የሶላር መብራት እየፈቱ ነበር፤ ቀና ሳይሉ መለሱልኝ።

"እህቴ ከእኔ ጋር ይጣላል፣ ይታረቃል። ደም አለ። አንተ እንግዳ ነህ ኡስታዝ። የእኛ ሰው ከእናንተ ሰው ጋር ሲጣላ፣ በዚህ ጊዜ፣ ሁለት ሰው ጋር አይቀርም። ደግሞ ተማሪው ነች። ተማሪ አስተማሪውን መናቅ ጥሩ አይደለም።"

ያለፉትን የብሔር ግጭት ዓመታት በክልላችን የኖረ ሰው ምን ማለታቸው እንደሆነ ይገባዋል። እኔም ገባኝ። የሚገባኝ ነገር ስለሆነ ደግሞ ደስ አለኝ፤ መሸሸጊያ ሆነኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ወንድምና እህት ናቸው፣ ለዒድ ይታረቃሉ ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ዒድ መጣ። ወይዘሮ አሻ ቤት ደግሰው ለኔ በትልቅ ሳህን ሥጋና የባሚያ ወጥ ላኩልኝ። "ለልጄ ብዙ ለፋ" ብለው ነው። ወንድማቸው ግን እንኳን አደረሰሽ ለማለት መጥተው በሩ ላይ ቆመው ተመለሱ አሉ፤ ግቡ ያላቸው የለም። ይህን የነገረችኝ የጎረቤት ሴት ነች። ሳህኑ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። በላሁት።

ከዚያም ሌላ ዒድ አለፈ።

ሐዋ ሥራ ፈትታ መቀመጥ ስላልቻለች ሸርቆሌ ሄዳ መጠለያ ጣቢያው መጋዘን ውስጥ ተቀጠረች። ብርድ ልብስና ጀሪካን እየቆጠረች ታስረክባለች። ንድፍ አይደለም። ጧት በሚኒባስ ወጥታ ማታ ትመለሳለች፤ መኪና ካጣች እዚያው ታድራለች። እናቷ ብቻቸውን ይውላሉ።

ባለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል ለአንድ ሥልጠና ሸርቆሌ ተልኬ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። የእናትሽ ጤና እንዴት ነው አልኳት።

"እኔ ሳድር መርፌውን በዳበሳ ነው የምትወጋው" አለችኝ። "ኻሉ እንደ ድሮው ልምጣ ብሎ ሰው ላከባት። የልጄን እንጀራ ያቃጠለ እጅ እኔን አይወጋኝም ብላ መለሰች።"

ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት። ቴስተሩን፣ አትሰካ ያሉኝን፣ ገፋ አድርጌ ማስገባቴን፣ ዝም ማለቴን፣ ሁሉንም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ነው። መስኮት መስኮቱን እያየች ሰማችኝ። ስጨርስ ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትሰድበኝ በወደድኩ።

"ኻሉ ይሄን ሁሉ ጊዜ ያውቅ ነበር?" አለችኝ።

"ያውቁ ነበር።"

 አሶሳ ልንገባ ስንል ዞረችብኝ።

"ለእኔ ለምን ይነግሩኛል መምህር? ለእናቴ ይንገሯት። እኔ ብነግራት ለኻሌ ብዬ የዋሸሁ ነው የሚመስላት። እሱ ቢነግራት አታምነውም። ከእርስዎ አፍ ብቻ ነው የምታምነው።"

"እነግራቸዋለሁ" አልኳት። ከልቤ ነበር።

ወይዘሮ አሻ ቤት ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። በመጀመሪያው አጥሩ ጋ ደርሼ ተመለስኩ። በሁለተኛው ስሳል ድምፄን ለይተው "መምህር ነህ? ግባ፣ ግባ" አሉኝ። ገባሁ። በእጃቸው ወንበሩን ፈልገው አስቀመጡኝ፣ ሻይ ቀዱልኝ፤ ግማሹ ሳህኑ ላይ ፈሰሰ። ልጆችህ እንዴት ናቸው፣ ሚስትህ እንዴት ነው አሉኝ። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ሐዋን ጥሩ አድርገህ ያስተማርክ አንተ ነህ፣ አላህ ይስጥህ አሉኝ። አሜን አልኩ። ሻዬን ጨርሼ ወጣሁ። ክንዳቸው ላይ ያሉትን ሰማያዊ ነጥቦች አይቻለሁ፤ መርፌው አንድ ቦታ ላይ ተደጋግሞ ሲወጋ እንደዚያ ያደርጋል።

ከዚያ ወዲህ ሐዋ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ሰላም ትለኛለች። ነገሩን አታነሳብኝም። ሐጂ ኢድሪስ ሱቃቸው ውስጥ አሉ፤ ሳልፍ "ኡስታዝ" ብለው እጃቸውን ያነሳሉ። ከነሱ አንዳቸውም ክፉ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። እኔ ግን አፍራለሁ። እፍረቱ ደግሞ እንደ ሌላ ሰው እፍረት ወደ ሥራ አልገፋኝም፤ ክፍል ገብቼ ሰሌዳው ላይ ያንኑ ቴስተር እሥላለሁ፣ ልጆቹም ያንኑ ይገለብጣሉ።

ወይዘሮ አሻ አማርኛ ማንበብ አይችሉም፤ ቢችሉም ዓይናቸው አይረዳቸውም። ይህን ጽፌ ለመላክ የደፈርኩት ለዚህ ይመስለኛል። እናንተን አላውቃችሁም፣ እናንተም አታውቁኝም፤ ለእናንተ ለመናገር አንድ ከሰዓት በኋላ በቃኝ። የሳቸው ቤት ከኔ ቤት የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው።